ወደ ብሌይደን በሚወስደው መንገድ

አውቶቡሱ የቆመብኝ ሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል ከተማ፣ ስኮትስዉድ መንገድ ላይ ነው። ኅዳር ነበር። ገና አስር ሰዓት ተኩል ሳይሆን ጨልሟል። ዝናቡ ከነፋሱ ጋር ተደርቦ ከጎን ይገርፋል። ከፊቴ ቀይ መብራት በራ፤ ሞተሩ ሁለቴ ተንገራገጨና ጸጥ አለ። ሾፌርነት ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነው። ጋራዥ ደወልኩ። ሌላ አውቶቡስ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ተባልኩ። ዞሬ ተሳፋሪዎቹን ማየት ከበደኝ። ሰው ሥራ ውሎ፣ ደክሞት ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። ስድብ ጠበቅሁ።

ፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። የገበያ ዘንቢላቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘዋል። «አይዞህ ሂኒ» አሉኝ። «በዚህ መንገድ አውቶቡስ ሲሰበር ያንተ የመጀመሪያው አይደለም።»

ከዚያ መዝፈን ጀመሩ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ተቀበላቸው። ቀጥሎ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ተማሪዎች። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍኗል፣ አውቶቡሱ በሙሉ ይዘፍናል። እዚያ ውስጥ ዘፈኑን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሂኒ ማለት ማር ማለት ነው። እኛ «የኔ ማር» እንደምንለው። የኒውካስል ሰው ጆርዲ ይባላል፤ አነጋገሩም ጆርዲ ነው። እንግሊዝኛ ተምሬ ነበር የመጣሁት፤ የተማርኩት ግን ለዚህ ከተማ አልበቃኝም። ሕፃን «ባርን» ነው። ደግ ሰው «ካኒ» ነው። የሥራ ባልደረባ «ማራ» ነው። ቤት ደግሞ «ሂየም» ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሴትዮዋ ዘፈን «የብሌይደን እሽቅድምድም» ይባላል። ብሌይደን ከታይን ወንዝ ማዶ ያለች፣ ያኔ የፈረስ እሽቅድምድም የሚካሄድባት ትንሽ ከተማ ናት። በዚህ ከተማ ስታዲየም ይዘፈናል፣ ሠርግ ላይ ይዘፈናል፣ ለቅሶ ላይም ሲዘፈን ሰምቻለሁ። የሚያወራው ስለ አውቶቡስ አደጋ ነው። በፈረስ የሚጎተት አውቶቡስ ባልምብራስ ከሚባል የሙዚቃ ቤት ደጅ ሰው ጢም ብሎበት ይነሳል። ስኮትስዉድ መንገድን ይይዛል። የአርምስትሮንግን ፋብሪካ ያልፋል። ወደ ባቡር ድልድዩ ሲወርድ ጎማው ይወልቃል። የሴቶቹ ልብስ ይገፈፋል። የዘፋኙ አፍንጫ ይሰበራል፣ ሁለት ዓይኑ ይጠቁራል። ጎማው ተገጥሞ ጉዞው ይቀጥላል፤ አፍንጫቸው የተሰበረው ግን ወደ ሂየም ይመለሳሉ። ብሌይደን ሲደርሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዝናብ፣ ሜዳው ጭቃ። እና አዝማቹ ምን ይላል? ስንሄድ ብታዩን ኖሮ ይላል። መንገድ ዳር የቆመውን እያለፍን፣ ወንዱም ሴቱም ፊቱ በርቶ።

የጻፈው ጆርጅ ሪድሊ ነው፤ ሕዝቡ ጆርዲ ሪድሊ ይለዋል። በ1835 ከወንዙ ማዶ ጌትስሄድ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በልጅነቱ የከሰል ጉድጓድ ገባ። በኋላ ሥራ ላይ እያለ የጭነት ፉርጎ ጨፍልቆት ከባድ ሥራ መሥራት አቃተው። መዝፈን እንጀራው ሆነ። ይህንን ዘፈን ባልምብራስ ውስጥ የዘፈነው ጁን 5 ቀን 1862 ነው። ዝግጅቱ ለሃሪ ክላስፐር፣ ለታይን ወንዝ ታዋቂ የጀልባ ቀዛፊ ክብር ነበር። ሪድሊ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ሠላሳ አልሞላውም።

ለብዙ ጊዜ ይህን ዘፈን የፈንጠዝያ ዘፈን ብቻ አድርጌ እወስደው ነበር። አንድ ቀን የዓመቱን ቁጥር ሳስብ ሐሳቤ ተቀየረ። በዚያው ዓመት፣ በጃንዋሪ 1862፣ ከኒውካስል በስተሰሜን ሃርትሊ በሚባል ስፍራ ከከሰል ጉድጓድ ውሃ የሚስበው ማሽን ትልቁ የብረት ክንዱ ተሰብሮ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። መግቢያና መውጫው ያ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ተደፈነ። 204 ወንዶችና ልጆች ሞቱ። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ማዕድን በሕግ የተከለከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሕጉ በዚያው ዓመት ወጣ።

ከአምስት ወር በኋላ ባልምብራስ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይህን ያልሰማ አልነበረም። አብዛኛው ከሰል ወይ ብረት የሚበላው ሰው ነው። ፊቱ የቆመው ዘፋኝ ራሱ ሥራ ያጎደለው ነው። እና እሱ ስለ አደጋ ዘፈነላቸው፤ ግን ሁሉም ሰው በሕይወት ወደ ቤቱ ስለሚመለስበት አደጋ። ዘፈኑ ውስጥ የሞተ የለም። የተሰበረ አፍንጫና የጎድን አጥንት ነው፣ ያም በሐኪም ይጠገናል። እንዲህ ካየሁት በኋላ አዝማቹን ስሰማ ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ስኮትስዉድ መንገድ ዛሬ ሰፊ አስፋልት ነው። በአንድ በኩል የመኪና መሸጫዎች፣ በሌላ በኩል ሣርና ቢሮዎች፣ ከዚያ ወንዙ። ዊልያም አርምስትሮንግ በ1847 ኤልስዊክ ላይ የክሬን ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው ወደ መድፍ፣ ከዚያ ወደ ጦር መርከብ ሄደ። በወንዙ ዳር እየተዘረጋ ኪሎ ሜትሮችን ሸፈነ። መርከቦቹ ከከተማው በላይ ካለው ፋብሪካ ወደ ባሕር እንዲወርዱ ዝቅተኛው ድልድይ መነሳት ነበረበት፤ በቦታው በ1876 እንደ በር የሚዞር ድልድይ ተሠራ። ቀዩና ነጩ ድልድይ ዛሬም አለ። ፋብሪካው የለም። ሌሊት ባዶ አውቶቡስ ይዤ ስመለስ በዘፈኑ ውስጥ የአርምስትሮንግ ስም ያለበትን መስመር በልቤ እለዋለሁ። በመንገዱ ላይ የፋብሪካው ምልክት ሆኖ የሚታየኝ እሱ ነው።

ኒውካስልን እኔ አልመረጥኳትም። በ2007 ነው የመጣሁት። ጥገኝነት ጠይቄ ደቡብ ውስጥ ጥቂት ሳምንት እንደቆየሁ ሻንጣህን ያዝ ተባልኩ። በ1999 የወጣው ሕግ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከለንደን አካባቢ ወደ ሌሎች ከተሞች እንዲከፋፈሉ ያደርጋል። ያኔ የሚመረጡት ርካሽ ባዶ ቤት ያለባቸው ከተሞች ነበሩ። ባዶ ቤት የሚበዛው ደግሞ ሥራ በጠፋበት ነው። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ። እኔ አልጋ ያገኘሁት አንድ የመርከብ ሠራተኛ ወይም የከሰል ሠራተኛ ኑሮው ተናግቶ ስለሄደ ነው። ግድግዳው ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ የተለካበት ምልክት ነበር። አላጠፋሁትም።

የመጀመሪያዋን ክረምት እንዴት እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ባለቤቴ ባሕር ዳር ቀርታለች። ተጋብተን ስድስት ወር እንኳ አልሞላንም ነበር። ወረቀት እስኪያልቅ፣ እሷም እስክትመጣ አራት ዓመት ሞላ። የስልክ ካርድ እገዛለሁ፤ ካርዱ ሲያልቅ ወሬው መሀል ላይ ይቆረጣል። ያኔ እግሬ ወደ ወንዙ ይወስደኝ ነበር። ኒውካስልና ጌትስሄድ መሀል ሰባት ድልድዮች አሉ፤ ሁሉም በአንድ ዓይን እይታ ሊገቡ ምንም አይቀራቸው። የሮበርት ስቲቨንሰን ባለ ሁለት ፎቅ ድልድይ፣ ላይ ባቡር፣ ታች መኪናና እግረኛ፣ ከ1849 ጀምሮ። ትልቁ አረንጓዴ ቅስት፣ ታይን ድልድይ፣ በ1928 የተከፈተ። እንደ ዓይን ቆብ የሚከፈተውና የሚዘጋው የእግረኞች ድልድይ ከ2001 ወዲህ የመጣ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ማሰብ ያደግኩበት ነው። ግን ያ ሁሉ ድልድይ ተደርድሮ እኔ የምሻገርበት አልነበረኝም።

አሁን ስለ ሌላኛው ዘፈን ልንገራችሁ። ለኔ ከብሌይደን ይበልጣል።

ልጄ የተወለደችው በ2013 ነው። ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ገባች። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር በዋትስአፕ ስናወራ «ለአያትሽ ዝፈኝላት» አልኳት። የዘፈነችው «የታይን ውሃ» የሚባለውን ነው። ጸሐፊው አይታወቅም። ጆን ቤል የሚባል ኒውካስል ውስጥ መጽሐፍ ይሸጥ የነበረ ሰው በ1812 ከሰበሰባቸው ግጥሞች መሀል አሳትሞታል። አጭር ነው። ዜማው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። «ጎሽ የኔ እመቤት» አለቻት። ከዚያ እኔን «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ብሞት እንኳ ወደ ወዳጄ መሄድ አልችልም፣ የታይን ውሃ በእሱና በኔ መሀል ይፈሳል ይላል» አልኳት። «ዓይኔ እንባ አቅርሮ እዚህ ቆሜያለሁ። ጀልበኛው የት አለ? አምጡልኝ፣ ያሻግረኝ፤ ጀልበኛውንም አንተንም አልረሳም ይላል።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ እናቴ በቀስታ፣ እንደ ማንጎራጎርም እንደ መናገርም አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ዓባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ፣
የማን ሆድ ይችላል እስከዚያው ድረስ።»

የዓባይ ዳር ሰው ይህን ያውቀዋል። ወንዙ ክረምት ሞልቶ ወዲያና ወዲህ ያሉትን ይለያያል። አፍቃሪው ጉደልልኝ ብሎ ይለምነዋል። ዓባይም ታኅሣሥ ላይ እጎድላለሁ ይለዋል። ልጅቷ በታይን ዳር ጀልበኛ ትለምናለች፣ የኛ ሰው ወንዙን ራሱን ይለምናል። ሁለቱም ማዶ እያዩ ነው የቆሙት። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ኒውካስልን በካርታ ላይ አታገኛትም። ግን ያቺን ልጅ ወዲያው አወቀቻት።

ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። አራቱን ዓመት ከኔ እኩል እሷም ታውቀዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን ከተማ ዘፈኖች የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። እዚህ ከሰል ለስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ተቆፍሯል። እኛ «ለቀባሪ አረዱት» የምንለውን እንግሊዞች «ከሰል ወደ ኒውካስል መውሰድ» ይሉታል፤ ያን ያህል ነው። ከሰሉን ከወንዙ ዳር ወደ ትልልቆቹ መርከቦች የሚያመላልሱት በኪል፣ ማለት በጠፍጣፋ ጀልባ፣ የሚሠሩ ጀልበኞች ነበሩ። ሰፈራቸው ሳንድጌት ነው። ከደመወዛቸው እያዋጡ በ1701 ለአዛውንቶቻቸውና ለባልቴቶቻቸው መጦሪያ ቤት ሠሩ፤ ሕንፃው እስካሁን ቆሟል። እነሱን የሚመለከተው ታዋቂ ዘፈን ስለ ከሰል የሚለው የለም። አንዲት ልጅ በሳንድጌት ስታልፍ ትዘፍናለች፦ የወደድኩት ልጅ ያለበት ጀልባ በደህና ይቀዘፍ።

ይኸው ነው። ልጁ በደህና ይመለስ። ጀልበኛው ያሻግረኝ። አፍንጫው የተሰበረው ወደ ሂየም ይሂድ። ስለ መድፉ፣ ስለ ቶኑ፣ ስለ ትርፉ የሚዘፍን የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ዘፈኑ ከፋብሪካው በኋላ የቆየው ለዚህ ነው። ከመነሻው የፋብሪካው አልነበረም። ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ፋብሪካ ሲዘጋ የሚጠብቅ ሰው አያልቅም።

ጋራዣችን ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። አውቶቡስ ከመያዙ በፊት ዎልዘንድ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ በያጅ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ ያንን ዘመን ማውራት ይወዳል። ዎልዘንድ ማለት የግንቡ ጫፍ ማለት ነው፤ የሮማው ንጉሥ ሃድሪያን ያሠራው ግንብ በምሥራቅ በኩል የሚያልቀው እዚያ ነው። በዚሁ ቦታ ስዋን ሃንተር የተባለው ድርጅት በ1906 «ሞሪታኒያ» የተባለችውን መርከብ ወደ ውሃ አወረደ። ሃያ ዓመት ያህል አትላንቲክን በማቋረጥ የሚቀድማት አልነበረም። የታይታኒክን ተራፊዎች ከ700 በላይ ሰው ከባሕር ያነሳችው «ካርፓቲያ»ም የዚያው ልጅ ናት። ባልደረባዬ ሲነግረኝ መርከቡ ሲያልቅ ከመንገዱ ጫፍ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ይቆም ነበር። ጠዋት መጋረጃ ስትከፍት ሰማይ አይታይህም፣ ብረት ነው የሚታይህ። የሚወርድበት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። መርከቡ ሲንሸራተት ፍጥነቱን እንዲይዙት የታሰሩት የሰንሰለት ክምሮች እየተጎተቱ ዝገቱ እንደ ቀይ አቧራ ይነሳል። ያን ድምፅ ሲያወራ እጁን ወደ ደረቱ ይወስዳል።

እናቴ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነበር የምትሠራው። የሽፍት መግቢያው ጡሩምባ ሲነፋ እኛ ልጆቹም እንነቃ ነበር። ይህን ስነግረው «እዚህም እንዲሁ ነበር» አለኝ። በጡሩምባው ሰዓት ይሞላ ነበር።

አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ስለ መርከቡ የምትዘፍኑት ነበራችሁ?»

ቆይቶ መለሰ። «ወደ ሥራ ስንገባ አንዘፍንም ማራ። ስንወጣ ነው።»

በታይን ዳር የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ፣ ሳውዝ ሺልድስ ያለው ዌስቶ፣ በ1993 ተዘጋ። የስዋን ሃንተር ትልልቅ ክሬኖች ተሸጠው፣ ተፈታትተው፣ ወደ ህንድ ተጫኑ። ባልደረባዬ ሲጫኑ ሊያይ አልሄደም። የዎልዘንዱ ልጅ፣ ዘፋኙ ስቲንግ፣ በ2013 ስለ መርከብ መሥሪያው አንድ ሙሉ አልበም አወጣ፤ ርዕሱ «የመጨረሻዋ መርከብ» ነው። መርከቡ ሲሠራ ሳይሆን ሲያበቃ የመጣ ዘፈን ነው።

የሚቆጨኝ ነገር አለ፣ ሳልናገር አላልፍም። ሳውዝ ሺልድስ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመኖች ይኖራሉ። በኤደን በኩል የመጡ ናቸው፣ የኛ ጎረቤቶች። በእንፋሎት መርከቦቹ ሆድ ውስጥ ከሰል አካፋ እየያዙ እሳት የሚያነዱት እነሱ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ጦርነቱ ሲያበቃና ሥራ ሲጠብ በ1919፣ እንደገናም በ1930 ግጭት ተነስቶባቸዋል። መስጊዳቸው አለ፤ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ በ1977 ትዳሩን ያስባረከው እዚያ ነው። ከዚህ ወንዝ የወጣው ከሰል በእነሱ እጅ ነው እሳት የሆነው። መጠጥ ቤት ውስጥም፣ ስታዲየም ውስጥም፣ ልጄ ትምህርት ቤትም ስማቸው ያለበት ዘፈን ሲዘፈን ሰምቼ አላውቅም። ደጅ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ባሕር ዳር ነበር። እሱ ምን ብሎ እንደዘፈነ መስማት እፈልጋለሁ።

ኋላ የመጡት ዘፈኖች ሌላ ጣዕም አላቸው። በ1965 አኒማልስ የሚባለው የኒውካስል ባንድ «ከዚህ ቦታ መውጣት አለብን» ብሎ ዘፈነ። ግጥሙን የጻፉት አሜሪካውያን ናቸው። ዘፋኙ ኤሪክ በርደን ግን የዚሁ የወንዝ ዳር ሰፈር፣ የዎከር ልጅ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ዎከር አለ። ቪየትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ሊንዲስፋርን የሚባለው ባንድ በ1971 «በታይን ላይ ያለው ጉም»ን አመጣ፤ ያ የመዝናኛ ነው፣ ሰው ብርጭቆ ይዞ የሚወዛወዝበት። ዛሬ ደግሞ የኖርዝ ሺልድሱ ሳም ፌንደር በ2023 ስታዲየሙን ሁለት ሌሊት ሞላው። ያን ሁለት ቀን በአውቶቡሴ የመጣው ሰው እንባና ቢራ ተቀላቅሎበት ነበር። ስለ ድህነት፣ ስለ ሞቱ ጓደኞች ነው የሚዘፍነው። ልጄ በቃሏ ታውቀዋለች።

ታይን ድልድይ ከ2024 ጀምሮ እድሳት ላይ ነው። መስመሩ ጠቦ እኛ ሾፌሮች በየቀኑ እንሰለፍበታለን። አልማረርም። እዚያ ቆሜ ወፎቹን አያለሁ። ኪቲዌክ የሚባሉ የባሕር ወፎች በድልድዩ ብረት ላይ ጎጆ ይሠራሉ። በዓለም ላይ ከባሕር ይህን ያህል ርቀው ወደ መሀል አገር ገብተው የሚፈለፍሉ የሉም ይባላል። ክረምቱን ባሕር ላይ ከርመው፣ በጋው ሲቃረብ ወደዚሁ ብረት ይመለሳሉ። ጩኸታቸው የራሳቸውን ስም የሚጠሩ ያስመስላቸዋል።

በዚሁ ድልድይ ላይ ኃይሌን አይቻለሁ። በየዓመቱ መስከረም መግቢያ ላይ ትልቁ የግማሽ ማራቶን ሩጫ ከኒውካስል ተነስቶ በታይን ድልድይ ወደ ሳውዝ ሺልድስ ይሄዳል። በ2010 ኃይሌ ገብረሥላሴ ሮጠ። እኔ ባንዲራ ይዤ ጌትስሄድ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ከአጠገቤ የማላውቃቸው የጆርዲ ቤተሰቦች ባንዲራዬን አይተው እኔን ወደፊት አስጠጉኝ። «ያንተ ሰው መጣ!» ብለው ጮኹልኝ። አለፈ። እንደ ነፋስ ነው ያለፈው። አሸነፈ። በ2012 ጥሩነሽ ስታሸንፍ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል ትል ነበር። በዓመቱ ቀነኒሳ ሞ ፋራህን በአንድ ሰከንድ ቀድሞ ሲገባ፣ ኃይሌም ሦስተኛ ሲሆን፣ ልጃችንን ታቅፋ ነበር።

ማርች 16 ቀን 2025 እሑድ ነው። ኒውካስል ዌምብሌይ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከ1955 ወዲህ በአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነበር፤ ሰባ ዓመት። ሁለተኛውን ጎል ያገባው አሌክሳንደር ኢሳቅ ነው። ስዊድን ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን የሆኑ። የኛ ሰፈር አበሻ፣ ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም፣ በዚያን ቀን እንደ አንድ ቤት ሆኖ ነበር። ኢሳቅ በዚያው ዓመት ወደ ሊቨርፑል ሄደ። ልጄ ሁለት ቀን አኩርፋለች። ያቺን እሑድ ግን ማንም አይወስድብንም።

እኔ ጨዋታውን አላየሁም። ተረኛ ነበርኩ። ውጤቱን የሰማሁት ፌርማታ ላይ ሰዎች ሲተቃቀፉ አይቼ ነው። የመጨረሻው የብሌይደን ጉዞ ለኔ ደረሰኝ። አውቶቡሱ ሞልቷል። ጥቁርና ነጭ ስካርፍ የለበሰ ሽማግሌ ከነልጅ ልጁ፣ ከሆስፒታል ሽፍት የወጡ ሁለት ሴቶች፣ መሀል ላይ የቆሙ ጎረምሶች። ስኮትስዉድ መንገድ ስንገባ ጀመሩት። መነሻውን ሁሉም ያውቀዋል። አዝማቹን ሁሉም ያውቀዋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዝማቹን ደጋገሙት። ቀጥሎ ያለው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፁ ቀነሰ። አንዱ ሞከረና አቋረጠ። ሌላው ሳቀ። ዝም ሆነ።

የአርምስትሮንግ ፋብሪካ የነበረበትን እያለፍን ነበር። እጄ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ። አፌን ከፈትኩና ስንኙን ጀመርኩት። ፋብሪካውን አለፍን፣ ወደ ባቡር ድልድዩ ወረድን፣ ጎማው ወለቀ። ሽማግሌው ተቀበለኝ። ከዚያ ሌሎቹ። አፍንጫቸው የተሰበረው ወደ ሂየም የሚመለሱበት ጋ ስንደርስ ጎረምሶቹ ጣሪያውን በመዳፋቸው ይመቱ ነበር።

የስኮትስዉድን ድልድይ ተሻገርን። ወንዙ ከታች ጥቁር ነው፣ መብራት ይዞ ይፈሳል። ብሌይደን ደረስን። በሩን ከፈትኩ። አንድ በአንድ «አመሰግናለሁ» እያሉኝ ወረዱ።